የሰው ቃል ይዞ መመለስ

ጎረቤላ ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው አንድ ርዕስ አለ፤ ሰው የተናገረውን ለሌላ ሰው ማድረስ። መጽሐፉ ‹ሪፖርትድ ስፒች› ይለዋል። ሰሌዳው ላይ «እመጣለሁ አለ» ብዬ እጽፍና በእንግሊዝኛ እንዲሉልኝ እጠይቃለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሂ ሴድ ዛት አይ ዊል ካም» ይለኛል።

«የሚመጣው ማን ነው?» እላቸዋለሁ።

«እሱ፣ ቲቸር።»

«አሁን ባላችሁት ግን እሱ አይመጣም። የምትመጡት እናንተ ናችሁ።»

ይስቃሉ። የሚሳሳቱት ሰንፈው አይደለም። በአማርኛ ሰውየው የተናገረውን እንዳለ አንስተን መጨረሻው ላይ «አለ» ካልንበት በቂ ነው። «ራሴን አመመኝ አለች» ሲባል ራሱን ያመመው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝኛው ግን ቃሉን የሚያደርሰው ሰው ሁሉንም ነገር ከራሱ ቦታ ሆኖ እንዲያስተካክል ያስገድደዋል። ‹እኔ› የነበረው ‹እሱ› ይሆናል፣ ‹ነገ› የነበረው ‹በማግስቱ› ይሆናል፣ ግሡም ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በጠመኔ ማስረዳት አያቅትም። ርዕሱ ከዚያ በላይ መሆኑን የተረዳሁት ግን ለጓደኛ ሽማግሌ ሆኜ ደብረ ሲና በሄድኩበት ዓመት ነው።

ከእኔ አጠገብ ባለው ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምር ጓደኛ ነበረኝ። የአረርቲ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት አጎቶቹ ናቸው ያሳደጉት። ጎረቤላ ሲመደብ ብርዱን አልቻለውም ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓመት ጋቢ ደርቦ ነው ያስተማረው። ከዚያ እዚያው ጤና ጣቢያ ከምትሠራ ነርስ ጋር ተዋወቀና ስለ ብርዱ ማማረሩን ተወ። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት እያረምን ሳለ ስለ እሷ አነሳብኝ። ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

«ከሷ ጋር ስሆን ወሬ ፍለጋ አልጨነቅም» አለኝ። «ዝም ብንባባልም ዝምታው አይከብደኝም።»

ከዚያ ወረቀቱን ማረሙን ቀጠለ። እኔም «ጥሩ ነው» አልኩት።

ታኅሣሥ ላይ፣ በጾሙ መሀል፣ ሽማግሌ እንድሆንለት ለመነኝ። የልጅቷ አባት የሚኖሩት ደብረ ሲና ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በደሴ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ከእኔ ጋር የሚሄዱት ሁለት ናቸው፤ የጓደኛዬ አከራይ የሆኑት ቄስና በጡረታ የተሰናበቱት የቀድሞ ርዕሰ መምህራችን። «ለሽምግልና ዕድሜዬ አልደረሰም» ስለው «አንተ የሰማኸውን ሳትጨምር ትናገራለህ» አለኝ። ሙገሳ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሣን። ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ቀይረን፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብተን፣ ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለንና ጋቢያችንን አወለቅን። ርዕሰ መምህሩ መንገዱን ሙሉ የሚናገሩትን ሲለማመዱ ነበር። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ይሁን ይተኙ አይታወቅም።

የሰውየው ቤት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ ነው። ግቢው ድረስ የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል። በሩ ላይ ቆመው ተቀበሉን። ረጅም፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ቁመናቸው ገና የሥራ ሰው የሚመስል ነበሩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ በተለማመዱት ድምፅ።

«እንግዲያው ቆማችሁ ተናገሩ።»

ቄሱ መረቁ። ርዕሰ መምህሩም ያዘጋጁትን ንግግር አንድ በአንድ አወረዱት፤ የልጁን ጨዋነት፣ የዘመዶቹን ደግነት፣ የመምህርነትን ክብር፣ ልጅዎን ለልጃችን የሚለውን። አማረላቸው። ሰውየው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«የእናንተን ቃል ሰማሁ» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ ራሱ ምን አለ?»

ርዕሰ መምህሩ «እሱ እንግዲህ... ልጅዎን እንደሚወድ፣ እንደሚያከብር...» ብለው ጀመሩ።

«አይደለም። እሱ ያለውን ነው የምጠይቀው። በራሱ አፍ ስለ ልጄ አንድ ነገር ብሎ ከሆነ እሱን ንገሩኝ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ቤቴ ያለች ትንሽ ልጄ ትዝ አለችኝ፤ አንድ ቀን ሦስት ሰዎች ደጄ ላይ ቢቆሙ እኔም ይህንኑ እንደምጠይቅ አሰብኩ። የማስታውሰው ያን ቀን ወረቀት ስናርም ያለኝን ብቻ ነበር። ለሽምግልና የሚሆን ቃል አልመሰለኝም፤ ሌላ ግን የለኝም።

«‹ከሷ ጋር ስሆን ወሬ ፍለጋ አልጨነቅም፤ ዝም ብንባባልም ዝምታው አይከብደኝም› ብሎኛል» አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬቱን አዩ። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰውየው ግን ያጣመሩትን እጃቸውን ፈትተው «ተቀመጡ» አሉን። አሁን ተቀመጥን። ራሳቸው ከፔርሙስ ሻይ ቀዱልን፤ ቆሎና ዳቦም አቀረቡ። እየቀዱልን ሳለ ነው መልሳቸውን የሰጡት።

«ለልጁ እንዲህ በሉት። ልጄ ሥራዋን ትወዳለች። ከሥራዋ የሚያስቀራት ከሆነ ከአሁኑ ይተው። ካልሆነ ግን ከጥምቀት በኋላ ተመለሱ፤ እኔም እሷን ጠይቄ እጠብቃችኋለሁ። ሻይ ልጨምርልህ፣ መምህር?»

ጨመሩልኝ፤ ጠጣሁ፤ ተመርቀን ወጣን።

ስንመለስ መኪናው ገና ዋሻው ሳይደርስ ክርክሩ ተነሣ።

«ፈቅደዋል» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ተመለሱ ካሉ ፈቅደዋል ማለት ነው።»

«ልጁን አስጠንቅቀዋል» አሉ ቄሱ። «‹ይተው› ሲሉ አልሰሙም?»

«ቃል ገብተዋል እንጂ! ‹እጠብቃችኋለሁ› አሉ።»

«እሱማ ለእኛ ነው። ለልጁ ግን ‹ይተው› ነው ያሉት።»

ገና መንገድ ላይ ሳለን ጓደኛዬ ደወለ። ስልኩን ያነሱት ርዕሰ መምህሩ ነበሩ። «ደስ ይበልህ፣ ጨርሰናል!» አሉት። ቄሱ ደግሞ ከጎን ሆነው «ገና ነው በሉት፣ ልጁን አያታልሉት» ይላሉ። ጓደኛዬ ሁለቱንም ድምፅ ሳይሰማ አልቀረም፤ ጎረቤላ ስንደርስ እኔ ቤት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ባለቤቴ ግባ ብትለው እምቢ ብሎ ብርዱ ላይ ቆሟል።

«ምን አሉ?» አለኝ።

ሰውየው ያሉትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ የቀነስኩ አይመስለኝም። ቃሌን ስጨርስ ፊቱ ጠቁሯል።

«‹ይተው› ሲሉ ተቆጥተው ነበር?»

«አልተቆጡም።»

«ታዲያ እንዴት ነው ያሉት?»

«ሻይ እየቀዱልን ነበር።»

ባለቤቴ ከውስጥ ሆና ትሰማን ነበርና ወጣች። «ታዲያ እሱን ቀድመህ አትነግረውም? ሰውየውን እንደ ዳኛ አድርገህ ነው ያወራህለት» አለችኝ። ወደ ጓደኛዬ ዞራም «ራሳቸው ሻይ ቀድተው ያስተናገዱ ሰው ሊከለክሉህ አይደለም፤ ግባና እራት ብላ» አለችው። ገባ። በላም።

ባለቤቴ ልክ ነበረች። ቃሉን አንድም ሳላዛባ አድርሼ ሰውየውን ግን አዛብቻቸው ነበር። አማርኛው ላይ «አለ» የምንለው ለሁሉም ነው፤ ቁጣውንም ልመናውንም የምናሳየው ድምፃችንን እንደ ሰውየው አድርገን ነው። እኔ ደግሞ ድምፅ መኮረጅ አልችልበትም። በደረቁ ነው የማወራው።

ሰኞ ክፍል ስገባ መጽሐፉን ሳልከፍት አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንድ አባት ሽማግሌዎችን እንዲህ አሏቸው፣ «ከሥራዋ የሚያስቀራት ከሆነ ከአሁኑ ይተው።» ከዚያ በስሩ ‹አለ› ለሚለው ቃል ምትክ የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ግሦችን ደረደርኩ፤ ማስጠንቀቅን፣ መጠየቅን፣ መማጸንን፣ መምከርን የሚገልጹትን።

«እንግሊዝኛ ሲያስተላልፍ ድምፁን አይኮርጅም» አልኳቸው። «በዚህ ቃል ቦታ የትኛውን ግሥ እንደምትመርጡ ነው ድምፁን የሚናገረው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰውየው ምን እንዳሰበ መወሰን አለባችሁ።»

አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሰውየው ይህን ሲል ምን እያደረገ ነበር?»

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። «ሻይ እየቀዳ» አልኳት።

«እንግዲያው አላስጠነቀቀም። መክሯል።»

«ቢሆንም ‹ይተው› ብሏል» አለ ሌላው፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እየጮኹ ሲከራከሩ ከኋላ ወንበር አንዱ «ቲቸር፣ ‹ይተው› የተባለው የፊዚክስ ቲቸር ነው አይደል?» አለ። ጎረቤላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ምን ይደበቃል። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ከዚያኛው ወገን ስለ ጉልበትና ፍጥነት የሚያስረዳው ድምፅ ለአፍታ ተቋረጠና እንደገና ቀጠለ። በዕረፍት ሰዓት ጓደኛዬ አኮረፈኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ራሱ መጥቶ «በመጨረሻ የትኛውን ግሥ መረጡ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አብዛኞቹ ‹መክረዋል› ብለዋል።»

«ደህና» አለና ሄደ።

ከጥምቀት በኋላ ተመለስን። አሁን ከአረርቲ አንድ አጎቱ መጥቶ ተጨምሯል። ሰውየው ያን ጊዜ እንደተቀበሉን ተቀበሉን፤ ልዩነቱ ወዲያው ማስቀመጣቸው ነበር። ርዕሰ መምህሩ «እንግዲህ በቀጠሯችን መሠረት የልጅዎን መልስ...» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው።

«የሷን መልስ እኔ አላቀብልም» አሉ። «ለምን በእኔ አፍ ትሰሙታላችሁ?»

ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበረች። እኛ ከጎረቤላ ተነሥተን ደብረ ሲና ድረስ የመጣነው ጎረቤላ ያለችን ልጅ በስልክ ልንሰማ ነው ማለት ነው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባቶቼ» አለች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «በእኔ ምክንያት ይህን ሁሉ መንገድ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። እኔ እሺ ብያለሁ። ትምህርት ግን ጀምሬያለሁ፤ እሱን ሳልጨርስ ሠርግ አይኖርም። ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ። እናንተም ከእኔው እንድትሰሙት ብዬ ነው። አሁን የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቄሱ ስልኩን እያዩ «አሁን ይሄ እንደ ቃል ይቆጠራል?» ብለው ጠየቁ።

«ከዚህ በላይ ምን ቃል አለ፣ አባቴ?» አሉ ሰውየው። ሳቁ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ ቄሱም ተነሥተው መረቁ። ጾሙ ስለተፈታ ዶሮ ቀረበ፤ አጎትየውም ጠላውን እያሞገሰ ጠጣ።

ስንመለስ ጓደኛዬን ለብቻው ያዝኩት። «ከትምህርቷ በፊት ሠርግ እንደሌለ ነግራህ ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረን?»

ወደ ጎን ዞረ። «እናንተ ስትጠይቋት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል ብዬ ነው» አለ።

አልቀየረችም። ጠበቀ። ደብረ ብርሃን እየተመላለሰች ስትማር እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ መነኻሪያ ድረስ ይሸኛታል፤ እሑድ ማታም ይቀበላታል። መንገዱ ሲበላሽ ወይም መኪና ሲጠፋ እኔ ቤት መጥቶ ይቀመጣል፤ ባለቤቴ ሻይ ትሰጠዋለች። ተመረቀች። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስትመደብ እሱም ዝውውር ጠየቀ።

ሠርጉ ደብረ ሲና ተደረገ። ሙሽሮቹን ወደ ደብረ ብርሃን የሚያደርስ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይቶ ነበር። ሊነሡ ሲሉ አባትየው መጥተው ሹፌሩን ከወንበሩ አስነሡት።

«ይህን ዳገት በክረምትም በበጋም አውቀዋለሁ» አሉት። «አንተ ከኋላ ና።»

ሹፌሩ ከእኛ ጋር ተሳፈረ። እሳቸው ሙሽራዪቱን ከኋላቸው፣ ሙሽራውን ከጎኗ አስቀምጠው፣ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ዳገቱን በቀስታ ጀመሩት። የሚቀድማቸውን መኪና ሁሉ አሳለፉ። እኛ ከኋላ እየተከተልን ሳለ ጉሙ ውስጥ የኋላ መብራታቸው ብቻ ይታየን ነበር። ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ጥሩንባውን ረዘም አድርገው ነፉት፤ ድምፁ ግድግዳው ላይ እየተመታ ወደ እኛ መጣ። ከጎኔ የተቀመጡት ርዕሰ መምህር «ደስ ብሏቸዋል» አሉ። በዚህኛው ላይ ማንም አልተከራከራቸውም።