ሁለት ጣባ ባቄላ

ያን ጊዜ ወልቂጤ ቤት ተከራይቼ፣ ቸሃ ውስጥ ላለ የእንሰት ፋቂ ሴቶች ማኅበር የቴክኒክ አማካሪ ነበርኩ። አማካሪ ይባል እንጂ ሥራዬ መጭመቂያ ማሽኑን ማስለመድ፣ ሲበላሽም መጠገን ነበር። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ ሁሉም የሚገመገምበት ነው፤ እኛም ተራችን ደረሰ። ከአዲስ አበባ አንድ አጥኚ መጣ። ሊለካ የመጣው ማሽኑን አልነበረም፤ እኔና ሴቶቹ ምን ያህል እንደምንግባባ ነው። ውጤቱ ካማረ ኮንትራቴ ይታደሳል፤ ካላማረ እሄዳለሁ።

አጥኚው ትሑት ሰው ነበር። ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ በባቄላ እንለካለን አለ። ሁለት ጣባ አስመጥቶ ደጁ ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ "ታዳምጠናለች"፣ ሌላው "ዝም ብላ ታዘናለች"። እያንዳንዷ ሴት የተሰማትን ያህል ከባቄላው ጆንያ እየዘገነች ትጨምራለች። ተመዛኟ እኔ ስለሆንኩ ራቅ ብዬ እንሰቱ ሥር እንድቆም ተነገረኝ።

የመጀመሪያው ጣባ ቶሎ ሞላ። ሁለተኛው ባዶውን ቀረ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ እንደ መንደሩ ሰው እኔም አዶት የምላቸው እናት፣ ባዶውን ጣባ አዩ፣ እንግዳውን አዩ፣ አፈሩ። በዚያ አገር እንግዳ ፊት ባዶ ጣባ አይቀመጥም፤ የጎረቤት ዕቃ እንኳ ባዶውን አይመለስም። ዘግነው ጨመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እስኪፈስ ሞሉት።

እንሰቱ ሥር ቆሜ አየሁ። ሳቅም ቁጣም አልመጣልኝም።

በኋላ ለአጥኚው ነገሩን አስረዳሁት። ፈገግ ብሎ፣ "የሚመዘን ሰው ሚዛኑን አያስተካክልም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ግንኙነታችን የተደበላለቀ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ኮንትራቴም አልታደሰም። ዕቃዬን ስሸክፍ የሰው ዕቃ የምሸክፍ ነበር የሚመስለኝ።

ልሰናበት ስሄድ አዶት ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። በጀት አለቀ አልኳቸው። እጄን አልለቀቁም።

"እኛማ ሁለቱንም ሞልተንልሽ ነበር" አሉኝ፤ "እንዳይጎድልብሽ ብለን።"

አጥኚው ትቶት የሄደውን ባቄላ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። በስምሽ የተዘገነ ስለሆነ ለሌላ ሰው አይሆንም አሉ።

ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ወልቂጤ ተመለስኩ። ማታ ዘርግፌ ለቀምኩት። ታዳምጣለች ያለውና ታዛለች ያለው አንድ ላይ ተቀላቅሏል፤ የሚለይ ነገር የለውም። ንፍሮ ቀቀልኩትና በጨው በላሁ። ጥሩ ባቄላ ነበር። አሁንም ምንም አልተሰማኝም።

የተረፈውን ለአከራዬ በሳህን ላክሁላት። ጠዋት በሬን አንኳኩታ ሳህኑን መለሰችልኝ፤ ጎመን ሞልታበታለች። አመስግኜ ተቀበልኳት፣ በሩን ዘጋሁ፣ ሳህኑን እንደያዝኩ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።