«ቀና በል» በደሴቱ ላይ

በሰፈራችን ስሜን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ቀና በል» ነው የሚለኝ። ሠላሳ ዓመት ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ከአፌ የማይጠፋው ቃል ይኸው ስለሆነ አልፈርድበትም። ስቱዲዮዬ አንድ በርጩማ፣ ሁለት መብራትና አንድ ነጭ መጋረጃ ናት። ሕጓም አጭር ነው፦ ሁለቱም ጆሮ ይታይ፣ አንገት አይዘንበል፣ ጥርስ አይታይ። የሳቀ ሰው ፎቶውን ቢሮ ይዞ ሲሄድ ይመለስበታል፤ የተመለሰበት ሰው ደግሞ መጥቶ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።

ባለቤቴንም ያገኘኋት እዚያችው በርጩማ ላይ ነው። ለትምህርት ቤት ፎርም ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ፣ «ቀና በይ» ባልኳት ቁጥር ሳቋ ያመልጣት ነበር። ሦስት ጊዜ አበላሸችብኝ። በአራተኛው ኮስተር አለችልኝና ተሳካልኝ። ያኔ እንዴት እንደኮራሁ ሳስታውስ አሁን መግቢያ ይጠፋኛል።

ልጃችን ሥራ በያዘች በዓመቱ፣ ወፍና ኤሊ ከሰው ወደሚበዛባት አንዲት ጸጥ ያለች ደሴት ለአምስት ቀን ላከችን። ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«አባዬ፣ እማዬ ስትስቅ የሚያሳይ አንድ ፎቶ አምጣልኝ። ቤታችን ውስጥ እኮ አንድም የለም።»

ይቺ ሥራማ ለኔ ምን አላት ብዬ ናቅኳት። ማታ አልበሙን ሳገላብጥ ግን እውነትም የለም። በሠርጋችን ፎቶ ላይ እንኳ ሙሽራዋ ፓስፖርት የምታወጣ ትመስላለች፤ ካሜራውን ካላስተካከልኩ ብሎ ያስቸገረው ሙሽራው ነበራ።

ደሴቷ ላይ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ትልቅ ኤሊ ከቁጥቋጦ ሥር ብቅ አለች። በሆዴ ተኝቼ ፊቷን ወደ እኔ እስክታዞር ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁና አነሳኋት። ባለቤቴ ፎቶውን አይታ፣ ኤሊዋ መታወቂያ ልታወጣ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወፎቹንም እንዲሁ ፊት ለፊት ለቀም ለቀም አደረግኋቸው። ባሕሩ ግን ጆሮ ስለሌለው ከየት እንደምጀምረው ጨነቀኝ።

ከዚያ ባለቤቴን ነጫጭ ወፎች ከሚሰፍሩበት ገደል አጠገብ አቆምኳት። እጇን ወደ ታች፣ አንገቷን ቀጥ፣ አፏን ግጥም። «ሳቂ» አልኳት። ከንፈሯን ጥርሱን እንዳመመው ሰው ወጠረችው። ቀልድ ነገርኳት፤ እኔንም አላሳቀኝ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ያው ነው። አመል ያወጣል ከመሀል እንዲሉ፣ ፈገግ ልትል ስትል ሳላውቀው «ቀና በይ» እላለሁ፣ እሷም ወዲያው ትዘጋለች። በአራተኛው ቀን ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ ተናገረች።

«ዕድሜ ልኬን ኮስተር በይ ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ ሳቂ ብትለኝ ከየት ላምጣው?»

ቁጣ እንኳ አልነበረውም። አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ አዘንኩ። ያን ቀን ካሜራውን ድጋሚ አላነሳሁትም።

በመጨረሻው ቀን ጀልባው የሚቆምበት የእንጨት መድረክ ላይ ሆነን፣ ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ ሁለታችንን እንዲያነሳን ካሜራውን ለጀልባ ነጂው ሰጠሁት። ሰውዬው አያያዙ አላማረኝም። ከየት ሆኖ እንደሚነሳ ላሳይህ ብዬ፣ ባለቤቴን እያየሁ ወደ ኋላ መራመድ ጀመርኩ። እግሬ የሚያውቀው ስቱዲዮዬን ነው፤ እዚያ ወደ ኋላ አራት እርምጃ አለኝ። መድረኩ የነበረው ሦስት ነው።

ውሃው እስከ ደረቴ ስለሚደርስ አልሰጠምኩም፤ የሰጠመው ክብሬ ነው። ከውሃው ብቅ ስል መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። የበርጩማዋ ሳቅ። ምንም አልተለወጠም። ጀልባ ነጂው ደንግጦ ዞር ሲል ጣቱ የካሜራውን ቁልፍ ተጭኖት ኖሯል፣ ካሜራው አንስቷታል።

ፎቶው ዘሟል። የባለቤቴ አንገት ዘንብሏል፤ አንድ ጆሮዋ በፀጉሯ ተሸፍኗል፤ ጥርሷ እስከ መንጋጋዋ ይታያል። ከጥግ በኩል ከውሃ ውስጥ የወጣ አንድ እጅ አለ፤ የኔ ነው። በሙያዬ ቢሆን የሚጣል ነበር።

ቤት ስንመለስ ልጃችን ፎቶውን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየችው።

«እማዬ እንዲህ ነው የምትስቀው?»

«አዎ» አልኳት። «ከዚህ በፊትም ሦስት ጊዜ አንስቼው ነበር። ሦስቱንም ጣልኳቸው።»