ለጅቡ መርዝ ይዞ የመጣው ሰውዬ

ገደብ አካባቢ ጅብ ከብት በጨረሰ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ሶንጎው ላይ፣ ሸንጎ በሚቀመጡበት ሜዳ ተሰብስበው ይከራከራሉ። ገሚሱ በመርዝ ይለቅ ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ጅብ ካለቀ ጥንቡን ማን ሊያነሳልን ነው ይላል። ዘንድሮ መርዝ ያሉት አሸነፉና ባላባቱ ሰውዬውን ከዲላ አስመጡት።

እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ። ከሲታ ነው፣ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ሰላም ሲሉት እጁን ሳይሆን ክንዱን ነው የሚሰጠው። በየቤቱ እየዞረ ውሻ ያሳስራል፤ አስሬያለሁ ቢሉት እንኳ ገመዱን ሳይጎትት አያምንም።

ፀዳለ ጥጃዋን ጅብ በልቶባት አንዲት ላም ቀርታታለች፤ ልጇ የምታድገው በዚያች ላም ወተት ነው። ለሰውዬው ቆጮ አቀረበችለት።

«ብላ እንጂ ወንድሜ፣ መርዙ እንደሆነ አንተ ጋ ነው፣ ምን ያስፈራሃል?» ብላ ቀለደችበት።

እሱ ግን እጁን በአመድ ታጥቦም አልነካውም። ልጅቷ እየዳኸች ጉልበቱ ጋ ስትደርስ ዘሎ ተነሳ።

«ያዢያት እህቴ። የኔዋም ከሥራ ስገባ እንዲህ ነበር የምትመጣብኝ።»

የፀዳለ ሳቅ ጠፋ። «ታዲያ ምነው ይሄን ሥራ ብትተወው?»

«እኔ ብተወው ሌላ ይመጣል። እሱ ደግሞ ልጅ አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅሽም።»

ላሟን አየች፣ ልጇን አየች።

«በል መርዙን ከአጥሩ ማዶ አድርገው» አለችው፣ ልጅቷን እያዘለቻት።