የጋሽ ሸምሱ ጥቁር ደብተሮች

ትናንት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ሻጩ የቀለም ብልቃጥ ሲከፍት፣ ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ሳላስበው ለቡ፣ ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት ግቢ መለሰኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ገጣሚም ነበሩ። የአማርኛ ግጥሞቻቸውን በሰማያዊ ደብተር እየጻፉ በሠርግና በምረቃ ያነቡ ነበር። በአፍ መፍቻቸው በስልጥኛ የሚገጥሙትን ግን፣ ገጠር ሳሉ በተማሩት የዓረብኛ ፊደል በሦስት ጥቁር ደብተሮች ይጽፉና ከስፌት መኪናው መሳቢያ ይከቱታል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ፤ መጀመሪያ በስልጥኛ ያነቡና ወደ አማርኛ ይፈቱልኛል።

«ይሄ ስለ ቀይዋ ላማችን ነው።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ለላም ግጥም ይጻፋል እንዴ?»

«ላንተ ልደት ከጻፍኩ ላሟ ምን አጠፋች?»

ሦስተኛው ደብተር፣ ከማግባታቸው በፊት ስለወደዷት የገጠር ልጅ ነበር። «ለዘይባ ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ። ዘይባ አንድያ ልጃቸው ናት፤ እናቷ በሕፃንነቷ ነው የሞቱባት። ማልኩላቸው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የዓረብኛ ፊደል ያለበት ወረቀት፣ የተምር ካርቶን ቁራጭ እንኳ ቢሆን፣ መሬት ወድቆ ካዩ የፈጣሪ ስም ይኖርበታል ብለው ያነሱታል፤ ሲጠራቀም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀብሩታል። ዘይባ ይህን እያየች አደገች፤ ፊደሉን ግን አልተማረችም።

ጋሽ ሸምሱ በሞቱ በሳምንቱ መሳቢያውን ከፈተች። የጥቁሮቹን ደብተሮች ጠርዝ አይጥ በልቶታል። ጸሎት መሰሏት፤ ከአባቷ ጨርቆች ነጩን መርጣ ጠቀለለቻቸውና በአጥሩ ሥር ቀበረቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሦስተኛው ደብተር ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝስ ብዬ፣ መሐላዬን ይዤ ዝም አልኩ።

ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። ፊደሉን በኋላ ለብቻዬ ተማርኩ፤ የማነበው ግን የለም። የላሟ ግጥም ፍቺው እንጂ ድምፁ ጨርሶ ትዝ አይለኝም።

ባለፈው ወር ዘይባ ሰማያዊዎቹን ደብተሮች ልታሳትም ስትዘጋጅ እንዳርምላት ጠራችኝ። ገጾቹን ስናገላብጥ ቆይተን ቀና አለች።

«በቋንቋችን ግን አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። አፍሮበት ይሆን? አንተ እኮ ከሥሩ አትጠፋም ነበር።»

«እንጃ» አልኳት።