የትሪንቼ ትርፍ ዜሮ

ትሪንቼ ቦልሁይስ ከሆላንዷ ግሮኒንገን በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት በምትርቀው ከተማችን፣ በስኳር ፋብሪካ ኮምፒውተር ክፍል ትሠራ ነበር። ረጅም፣ ትከሻዋ ጎበጥ ያለ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነች። አላገባችም። ከአባቷ በወረሰችው፣ ቦይ ዳር ባለ ጠባብ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ከሥራ ስትገባ ድንች ቀቅላ፣ ቆማ በልታ፣ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። እንዲህ ተቀምጣ በዘጠኝ ዓመት ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፈች። ስሟን ኪቪት አለቻት፤ በጸደይ ሜዳችን ላይ የምትጮኸው ወፍ ስም ነው።

እኔ ዳውዌ እባላለሁ፤ የኮምፒውተር ቼዝ ክበባችን ዳኛና ጸሐፊ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢሊያርድ ቤት በላይ ባለው አዳራሽ እየተገናኘን ፕሮግራሞቻችንን እናጋጥም ነበር፤ አሥራ አንድ ወንዶችና ትሪንቼ። ደረጃውን ስትወጣ አንዱ፣ «ትሪንቼ፣ ወፏ ዛሬ እንቁላል ጣለች?» ይላታል፣ እኛም እንስቃለን። ስትሸነፍ፣ ሴት የጻፈችው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል እንላለን። ስታሸንፍ ኮምፒውተሯ ፈጣን ስለሆነ ነው እንላለን። ኮምፒውተሯ ከሁላችንም ያረጀ እንደነበር እናውቃለን።

ሩትገር የመጣው በ1985 ነው። የኢንሹራንስ ቢሮ ኃላፊ ነበር፤ ከረባቱን የማይፈታ፣ የሁሉንም ሰው የልደት ቀን የሚያስታውስ ሰው። ፕሮግራም መጻፍ ግን አይችልም። ትሪንቼ አስተምርሃለሁ አለችው። ሐሙስ ሐሙስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሄሪንግ ዓሣ ይዞ ቤቷ ይሄዳል፤ እሷም ወረቀት ዘርግታ ማሽኑ እንዴት እንደሚያስብ ታስረዳዋለች። በዚያ ሰሞን ጸጉሯን ተቆርጣ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

አንድ ሐሙስ ከሷ የተዋስኩትን መጽሐፍ ልመልስ ገብቼ ሁለቱን ወጥ ቤት አገኘኋቸው። አንድ ዲስክ ሰጠችው። «ሙሉው እዚህ ውስጥ አለ። እያነበብክ ተማርበት፤ ለሰው ግን እንዳታሳይ» አለችው። እሱ ዲስኩን በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሐሙስ መሄዱን እየቀነሰ መጥቶ ጨርሶ ተወ። በዓመቱ ሃመር የሚባል የራሱን ፕሮግራም ይዞ ብቅ አለ። ሃመር ጎበዝ ነበር። ጎበዝነቱ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በ1988 ኅዳር ላይ ወደ አገር አቀፉ ውድድር አንድ ፕሮግራም መላክ ነበረብን። ኪቪትና ሃመር ከሌሎቻችን ርቀው ስለሄዱ ሁለቱ ስድስት ጨዋታ ይጋጠሙ ተባለ። የአዳራሹን ኪራይ በዚያ ሰሞን የሩትገር ቢሮ ይከፍልልን ነበር፤ ማሞቂያውም፣ አዲሶቹ ኮምፒውተሮችም የቢሮው ነበሩ። ማሽን እጅ ስለሌለው ሁለቱ ባለቤቶች ትይዩ ተቀምጠው፣ ስክሪኑ ያዘዛቸውን ጠጠር እያነሱ ያንቀሳቅሳሉ።

እንዲህ ያለ ግጥሚያ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያው ሰባት ሰዓት ፈጅቶ እኩል ወጡ። ሁለተኛውን ኪቪት ወሰደች፣ ሦስተኛውን ሃመር። አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ እኩል። አንዱ ያሰበውን ሌላው ቀድሞ ያወቀው ይመስል ነበር። ተመልካቹ፣ «ባልና ሚስት ናቸው እንዴ፣ ማን እንደሚሸነፍ ተስማምተው ይጨርሱ እንጂ» እያለ ያሾፋል። ትሪንቼ ከአምስተኛው በኋላ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አሟት እንደሆን ስጠይቃት፣ ከራሴ ጋር የምጫወት መሰለኝ አለችኝ።

ስድስተኛው እሁድ ከሰዓት ተጀመረ። ሃመር ትንሽ ብልጫ ነበረው። አርባ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ግን የሩትገር ማሽን ሰው ያልጠበቀውን አዘዘ፤ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ወታደር አንድ ቤት እንድትራመድ ሲል ግንብ የሚባለውን ትልቅ ጠጠሩን በነጻ አስበላ። ሩትገር ስክሪኑን ደጋግሞ ካየ በኋላ ጠጠሩን አነሳ። ኪቪት ግንቡን በላች። ከሃያ እርምጃ በኋላ ሃመር ተሸነፈ።

ማንም አላጨበጨበም። ትሪንቼ ብድግ ብላ ወደ ሩትገር ስክሪን ዞራ ቁጥሮቹን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ይሄ የኔ ስህተት ነው» አለች። «ወታደሯ ጠርዝ ላይ እዚያ ድረስ ስትደርስ ሰባ ነጥብ ይሰጣት ማለት ሲገባኝ አንድ ዜሮ ጨምሬ ሰባት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ከኔ አምና አወጣሁት። ከዚህ ግን አልወጣም። ሩትገር፣ ዜሮዋን እንኳን ሳታይ ነው የገለበጥካት?»

ሩትገር ኮቱን ለበሰ፣ ቁልፎቹን ቆለፈ፤ ከዚያ ፊቱን ወደኛ አዞረ።

«ሰማችሁ አይደል?» አለ። «የኔን ፕሮግራም ውስጡን ከፍቼ ለማንም አሳይቼ አላውቅም። እዚያ ውስጥ አንድ ዜሮ መኖሩን በምን አወቀች?»

ትሪንቼ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ስህተቱን ማወቋ ራሱ በስርቆት እንደሚያስከስሳት አልጠረጠረችም ነበር።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና እኔ ነገሩን ለማየት ተቀመጥን። ሩትገር ከሁለት ዓመት በፊት በውል አዋዋይ ፊት በስሙ ያስመዘገበውን የሃመርን ጽሑፍ አቀረበ፤ ማኅተሙ ቀይ ነበር። ትሪንቼ አሥራ አራት የተማሪ ደብተር በዳቦ ከረጢት ይዛ መጣች፤ በእርሳስ የተጻፉ፣ ገጹ ሁሉ ቀን ያለው። ሊቀመንበሩ አንዱን ገለጥ አድርጎ፣ ቀን ማንም መጻፍ ይችላል አለና መለሰላት።

ያኔ ወደኔ ዞረች። «ዳውዌ፣ አንተ አይተሃል። ወጥ ቤት ቆመህ ነበር። ዲስኩን ስሰጠው አይተሃል።»

ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡም ወደኔ ዞሩ። አዳራሹን አሰብኩ፤ ሩትገር ከወጣ ክበቡ ሜዳ ላይ እንደሚቀር አሰብኩ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይሄ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የኔ ፕሮግራም የሷን አንድ ቀን አሸንፎ አያውቅም፤ ስትወድቅ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር።

«አላስታውስም» አልኳት።

ደብተሮቿን አንድ በአንድ ወደ ከረጢቱ መለሰች። ደረጃውን ስትወርድ ከታች ቢሊያርድ የሚጫወቱት፣ ሌባዋ ወፍ ክንፏ ተቆረጠ እያሉ ሲስቁ ይሰማ ነበር። ድሉ ተሰረዘ፤ ሃመር ለውድድሩ ተላከ። ትሪንቼ በሌብነት ከክበቡ መባረሯን ለሌሎች ክበቦች የሚያሳውቀውን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዱ ቅጂ ፋብሪካዋ ደረሰ፤ ማን እንደላከው አልታወቀም። የሰው ሥራ የምትሰርቅ ሴት የድርጅት ምስጢር አይታመንባትም ተብሎ ከኮምፒውተር ክፍሉ አውጥተው ሚዛን ቤት አስገቧት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዝናብም በውርጭም የስኳር ቀይ ሥር የጫነ መኪና ስትመዝን ኖረች። ኮምፒውተሯን ሸጠችው ተባለ። ቼዝ የሚባል ነገር ሁለተኛ ከአፏ አልወጣም።

ሩትገር ውድድሩ ላይ ስምንተኛ ወጣ፤ ጋዜጣ ላይም ፎቶው ወጣ። በዓመቱ ቼዙ ሰለቸውና ጀልባ ገዛ።

እኔን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ክበቡ ፈርሶ ሁላችንም ተበታትነን፣ አንድ እሁድ ጠዋት በሯን አንኳኳሁ። ሸብታለች። ግባም አላለችኝ፣ ሂድም አላለችኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንዳየሁ፣ እንደዋሸሁ፣ ለምን እንደዋሸሁ። ለሚመለከተው ሁሉ ልጻፍልሽ አልኳት።

«ለማን ትጽፋለህ?» አለችኝ። «ማን ቀረና?»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«ለኔ ብለህ አይደለም የመጣኸው፣ ዳውዌ» አለች፤ ድምጿ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ከብዶህ ነው። እኔ ደግሞ እንዲቀልህ አልፈልግም።»

ከዚያ በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ሲዞር ሰማሁ። በብስክሌቴ ተመለስኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተች፤ ቀብሯ ላይ ዘጠኝ ሰው ነበር፣ እኔ በሩቁ ቆሜ አየሁ እንጂ አልተጠጋሁም።