የሰልሚያ ተረከዝ

እንሰት የሚፋቀው በእጅ ብቻ አይደለም፤ በእግርም ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የሰልሚያን ጭንቀት አይረዳውምና ከዚሁ እንጀምር። ፋቂዋ መሬት ላይ ቅጠል አንጥፋ ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ ሳንቃ ዘንበል ብሎ ቆሟል። ከግንዱ የተላጠውን ወፍራም ልባስ ሳንቃው ላይ ትዘረጋና አንድ እግሯን አንስታ ጫፉን በተረከዟ ትጫነዋለች። ከዚያ ከቀርከሃ በተሠራ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፤ ቃጫው ይቀራል። ተረከዙ ከላላ ልባሱ ይንሸራተታል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ይቀደዳል። ምን ያህል መጫን እንዳለበት የሚያውቀው ተረከዙ ራሱ ነው።

ሰልሚያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ተረከዝ ነው። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ካለው መንደሯ ቆጮና ቡላ ገበያ ታወጣለች። ለአረፋ ዘመዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ ሲገባ የሚበላውም እሷ የፋቀችው ነው። ያን እግር ማጣት ማለት የሰው እጅ ማየት ማለት ነበር።

ስኳር በሽታ እንዳለባት ካወቀች ቆይታለች። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ግን እግሯ መንደድ ጀመረ። ፍም እንደረገጠ ሰው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ውኃውም ያቃጥላታል። ነገሩ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ነርቮችንና ነርቮቹን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ረጃጅሞቹ ነርቮች እስከ እግር ጫፍ የሚወርዱት ናቸውና ቀድመው የሚታመሙት እነሱ ናቸው። የታመመ ነርቭ እሳት በሌለበት እሳት ብሎ ይጮኻል። ሲሞት ደግሞ እሳት ቢኖርም ዝም ይላል።

የረመዳን ጾም ሲፈታ ለኢድ ታናሽ ወንድሟ ሸረፋ መጣ። መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም።

«እቴ፣ መድኃኒትሽ ተገኘ» አላት ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«የት?»

«ውጭ አገር። ለካንሰር ብለው የሠሩትን ለስኳር በሽተኛ እግር እየሞከሩት ነው። የተሠራው ደግሞ ከአንቲባዮቲክ ነው አሉ።» ከኪሱ ካፕሱሎች አወጣ። «እሱ ገና ገበያ አልወጣም። እናቱን ግን አምጥቼልሻለሁ።»

«የማንን እናት?»

«ከአንቲባዮቲክ ተወለደ ካሉ፣ ይኸው አንቲባዮቲክ። እናቲቱ ካለች ልጁ ምን ያደርግልሻል?»

ጎረቤቷ አሚኔ በሩ ላይ ተደግፋ ትሰማ ነበር። «ጨርቅ ለካ ብለን ብንልክህ ሐኪም ሆነህ መጣህ?» አለችው።

ሬዲዮው አልዋሸም። እንዲያውም ምርምሩ ቢያወሩት የማይሰለች ነው። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ ሌሎችን ደግፈው የሚያቆሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ያዘመመ ቤት እንደሚደግፍ ባላ ማለት ነው። በጥድፊያ የሚያድገው የካንሰር ሕዋስ ባላ አብዝቶ ይፈልጋል። ተመራማሪዎች አንድ የቆየ አንቲባዮቲክ ይህን ባላ እንደሚነካ አዩና ቅርጹን እየለዋወጡ የካንሰር ቤት የሚጥል መድኃኒት ፈለጉ። በመሐሉ ሌላ ነገር ተገኘ። ከዚያው ዘር የሆነ አንዱ፣ በጥቂቱ ሲሰጥ፣ ሕዋሱን ሳይገድል ሌላ ረዳት ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ ያ ረዳት የተጎዳውን ነርቭ ይከልላል። ስኳር የያዛቸው አይጦች የእግራቸው ስሜት ሲመለስ ታየ። እንግዲህ አይጦች ናቸው። ሸረፋ የገዛው ካፕሱል ደግሞ የዚያ መድኃኒት እናት ቀርቶ የሩቅ ዘመዱም አልነበረም።

ሰልሚያ ዋጠችው። ጥቂት ቀናት አለፉና ቃጠሎው ለቀቃት።

እዚህ ላይ ነው አደጋው። የነርቭ ሕመም ነርቩ ሲድን ብቻ ሳይሆን ሲሞትም ይጠፋል፤ ለታማሚዋ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰልሚያ ሸረፋን በስልክ መረቀችው፤ ለአረፋ የሚሆነውን እንሰት አስቆርጣም ሳንቃዋ ፊት ተቀመጠች።

ከቀናት በኋላ አብራት የምትፍቀው አሚኔ መፋቂያዋን አስቀመጠች። ሰልሚያ የተጫነችው ልባስ ላይ ቢጫ እርጥበት አይታለች።

«እግርሽን ምን ነካው?»

«ምንም። ድኗል እኮ።»

አሚኔ ተረከዙን ይዛ ገለበጠችው። ከመፋቂያው የተሰነጠቀ የቀርከሃ ስንጥር ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ ነበር፤ ዙሪያው ጠቁሯል፤ መቅላቱ ወደ ቁርጭምጭሚት እየወጣ ነው። ሰልሚያ ስንጥሩን የሌላ ሰው እግር ላይ እንዳለ አየችው።

አሚኔ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻት። ዶክተር ወልደአማኑኤል የሚባል ወጣት ሐኪም ስንጥሩን አወጣና ጥጥ ያዘ።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ እናቴ። የእግር ጣትዎን ስነካው ነካኸኝ ይበሉኝ።»

ሰልሚያ ጨፍና ጠበቀች። አሚኔ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ጀምር እንጂ፣ ልጄ» አለች ሰልሚያ።

«ጨርሻለሁ፣ እናቴ።»

ከዚያ ስክሪብቶ አወጣና መቅላቱ ከደረሰበት ትንሽ ከፍ አድርጎ እግሯ ዙሪያ መስመር አሰመረ። «የሞተውን ሥጋ አሁን አጸዳለሁ፤ መድኃኒትም በደም ሥር እሰጣለሁ። መቅላቱ ይህን መስመር ካለፈ ግን እግሩን መቁረጥ ግድ ይሆናል። ነገ ጠዋት እናያለን።»

ሸረፋ በዚያው ቀን ባገኘው የመጀመሪያ ሚኒባስ ከአዲስ አበባ ደረሰ። የተሰቀለውን ጠርሙስ አየና ሐኪሙን ያዘው። «ይህ ምንድን ነው?»

«አንቲባዮቲክ።»

«እኔስ ያመጣሁት እሱን አይደል?»

«ጉራጌ ነህ አይደል?» አለ ሐኪሙ። «ተርበህ ቃጫ ትበላለህ?»

«ቃጫ ይበላል እንዴ?»

«ከእንሰት ነው እኮ የሚወጣው፤ ቆጮ ግን አይሆንም።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁስሏ ውስጥ ያለው ጀርም ነው፤ ይህኛው ያንን ጀርም ይገድላል። ነርቭ አያድንም። ያ የሰማኸው መድኃኒት ገና አይጥ ላይ ነው፤ ሰው ጋ ይድረስ አይድረስ ማንም አያውቅም።»

«ምነው እኔንም አይጥ አድርጎ በፈጠረኝ» አለች ሰልሚያ ከአልጋዋ።

ሸረፋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከመስመሩ ዓይኑን አልነቀለም። ከሰዓት በኋላ መቅላቱ ቀለሙን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሰልሚያ ግድግዳውን እያየች እግሯ ከእሷ ጋር ይሁን አይሁን ለማወቅ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች፤ አይሰማትም።

ጠዋት ሐኪሙ፣ ማታ እስከ መስመሩ የጠመጠመውን ፋሻ ፈታ። «ሸረፋ፣ አንተ እይልኝ» አለች ሰልሚያ።

«አንቺው እዪው» አላት፣ ትራሷን ከፍ እያደረገላት።

አየች። መስመሩ ብቻውን ቀርቷል፤ መቅላቱ ወደ ታች ሸሽቷል። እግሯ ተረፈ። ሐኪሙ ግን ደስታዋን አላስጨረሳትም፤ በባዶ እግሯ ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትጫን አስጠነቀቃት። የማይሰማውን ተረከዝ በዓይን መጠበቅ ነው አላት።

በጥቅምት መጨረሻ ቁስሉ ደረቀ። ሰልሚያ ቡታጅራ ገበያ ወርዳ ሰፋ ያለ አዲስ ጫማ ገዛችና ሶሉን በፈላ ውኃ አጠበችው። ሳንቃዋ ፊት ተቀምጣ እጇን ጫማው ውስጥ ከትታ የሚወጋ ነገር እንዳይኖር ጥግ ጥጉን ዳሰሰች፤ ከዚያ አጠለቀችው።

«በጫማ?» አለች አሚኔ። «የሰው ምግብ ላይ?»

«ጫማው መሬት አልነካም። ከእግሬ ይልቅ እሱ ንጹሕ ነው።»

የመጀመሪያው ልባስ ተንሸራተተ። ሁለተኛውን አጥብቃ ተጫነችው፤ ተቀደደ። ጎንበስ ብላ ጠርዙን አጠናች። ልኩ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ለዘመናት ተረከዟ ሲነግራት ስለኖረ አይታው አታውቅም። ሦስተኛውን ልባስ ዘረጋችና ውኃው እስኪወጣ ተጫነች።

«እንግዲህ ለአረፋ በጫማ የተፋቀ ልንበላ ነው» አለች አሚኔ።

«አትብዪ» አለቻት ሰልሚያ፣ ዓይኗን ከጠርዙ ሳታነሳ።