አሁን ተንፍሱ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ፣ ለሰብሳቢ ተብለው የሚሠሩትንና ፊታቸው እንደ መስታወት የሚያበራውን «ፕሩፍ» ሳንቲሞች ደረጃ ይለዩ ነበር። አሰላ ቤታቸው፣ መስኮቱ ሥር፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዘው «አትተንፍሱ!» ይሉናል። በዚያ ብርድ የአፍ እንፋሎት ካረፈበት የማይለቅ ነጠብጣብ ይተውበታል፤ ደረጃውም ይወርዳል። ማን ደፍሮ ይተነፍሳል! ባለቤታቸው እትዬም፣ ሳንቲሙን ያመጣው ሻጭም፣ እኔም ደርቀን እንቀራለን። ጭረት ፈልገው ሲያበቁ፣ ወደ መያዣው መልሰው «በሉ፣ አሁን ተንፍሱ» ይላሉ።

ባለፈው ሰኞ፣ ታመው የተኙበትን አልጋ ከበን ሳለን ደረታቸው ቀጥ አለ። ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን። እትዬ ጎንበስ ብለው «በሉ እንጂ ጋሼ፣ አሁን ይተንፍሱ» አሏቸው።

መስኮቱ ሥር ወንበራቸው ባዶውን ቆሟል። በዚያ ሳልፍ ዛሬም ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ተንፍስ የሚለኝ ግን የለም።